ለጣና ትልቅ የምርምር ገንዘብ ቢገኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም በዚህ ዓምድ «ለጣና ሐይቅ ምርምር የሚውል ትልቅ ገንዘብ እጅዎ ቢገባ ምን ያጠኑበት ነበር?» ብለን ጠይቀን ነበር። ብዙዎቻችሁ ጥያቄውን መልሳችሁ ወደ እኛው ልካችሁታል። ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው የሌሎቹ ሁሉ ሥር ስለሆነ መልሱ ረዘም ይላል።

«እናንተ ራሳችሁ ብትሆኑ ምን ታጠኑበት ነበር? ‹ስለ እምቦጭ› ብላችሁ አትለፉኝ። ምን ይለካል፣ የት ይለካል፣ ተለክቶስ ምን ይታወቃል? ለተማሪዎቼ በዝርዝር ማስረዳት እፈልጋለሁ።» የባዮሎጂ መምህር፣ ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

ውድ መምህር፣ የምናጠናው ፎስፈረስን ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ እምቦጩንና ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቃቅ አልጌ የሚቀልበው ፎስፈረስ ስንቱ በየክረምቱ በወንዝ አዲስ የሚገባ ነው? ስንቱስ ከሐይቁ ወለል ጭቃ ተመልሶ የሚወጣ ነው?

መልሱ ገንዘቡና ጉልበቱ ወዴት መሄድ እንዳለበት ይወስናል። አብዛኛው ከወንዝ የሚመጣ ከሆነ ዋናው ሥራ ያለው ሐይቁ ላይ ሳይሆን አንዳንዶቹ ወንዞች በሚነሱበት በጉና ተራራ ሥርና በሰከላ ላይ፣ በእርከንና በማሳ ዳር ሣር ነው። አብዛኛው ከጭቃው ከሆነ ደግሞ ተራራው ሁሉ ነገ በእርከን ቢሸፈን እንኳ ሐይቁ ካጠራቀመው እየመነዘረ እምቦጩን ለዓመታት ይመግባል። ያን ጊዜ ሕዝቡ «ይህን ሁሉ እርከን ሠርተን ምን አተረፍን?» ማለቱ አይቀርም። ቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ናይትሮጅን ለምን አልተመረጠም ይሉ ይሆናል። ናይትሮጅን በአየር ውስጥ ሞልቷል፤ አንዳንድ ደቂቅ ሕዋሳት ከዚያው ወስደው ይጠቀሙበታል። ፎስፈረስ ግን ከአየር አይገኝም። ከአፈር፣ ከማዳበሪያ፣ ከፍሳሽና ከእበት ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ መንገዱን ተከትሎ መዝጋት ይቻላል።

የጣና ጠባይም ነገሩን ያከብደዋል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 9 ሜትር ገደማ፣ እጅግ ጥልቁ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ገበታ ላይ እንደ ፈሰሰ ውኃ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ወለሉ ድረስ ይደርሳል፤ ጭቃውም ይነቃነቃል። በዓመት ውስጥ ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ በዓባይና ወደ በለስ ወንዝ በሚወስደው ዋሻ ብቻ አይሄድም፤ ፀሐይ የምታተንነውም እጅግ ብዙ ነው። ፀሐይ ግን ውኃውን ብቻ ነው የምትወስደው። ፎስፈረሱ እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውኃ ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጣቢያ እናቆማለን፦ አንዱን ከፍ ብሎ ዋናው መንገድ በሚሻገራቸው ድልድይ አጠገብ፣ ሌላውን ወንዙ ሐይቅ ሊገባ ሲል። አንዱ ለምን አይበቃም? የፎገራን ሜዳ ያስቡት። ርብና ጉማራ በነሐሴ ዳርቻቸውን ጥሰው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፣ ደለላቸውንም እዚያው ሩዝ ማሳው ላይ ያራግፋሉ። ድልድዩ ላይ የተለካውን በሙሉ «ሐይቅ ገባ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ከባሕር ሸሽ ማሳዎች (ሐይቁ ሲሸሽ ከሚታረሰው መሬት) በቀጥታ የሚታጠበውንም ድልድዩ አያየውም።

የሚያልፈውን ውኃ መጠን ለማወቅ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር በ20 ያህል ቦታ ይከፈልና በእያንዳንዱ ጥልቀቱና ፍጥነቱ ይለካል። ጥልቀቱ ከ75 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ፍጥነቱ ከላይ ወደ ታች 60 በመቶው ላይ አንድ ጊዜ ይለካል። ከዚያ ከጠለቀ 20 እና 80 በመቶው ላይ ሁለት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይያዛል። ይህ ወንዙ ሲጎድል፣ ሲጋመስና ሲሞላ ተደጋግሞ ከተሠራ በኋላ፣ ድልድዩ ሥር የቆመውን ባለ ቁጥር ዘንግ ማንበብ ብቻ ይበቃል፤ ከፍታው የሚያልፈውን ውኃ ይናገራል። ግን አደራ፦ እንደ ርብ ያለ ወንዝ ወለሉ በደለል ከፍ ይላል። ዘንጉ አምና ያሳየው 3 ሜትር ዘንድሮ ያንኑ ያህል ውኃ አይደለም። ልኬቱ ከየክረምቱ በኋላ ካልታደሰ የዓመታት መዝገብ ማንም ሳያውቅ ይበላሻል፤ ቁጥሩ ግን በወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነው።

ናሙና የሚወሰደው መቼ ነው? ብዙ ጥናት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና ከተማሪዎችዎ ጋር ይህን ስሌት ይሥሩት። አንድ ወንዝ በጎርፍ ቀን በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ ቢፈስና እያንዳንዱ ሊትር 3 ግራም ደለል ቢይዝ፣ በሰከንድ 300 ኪሎ፣ በ24 ሰዓት 25,920 ቶን ያልፋል። ያው ወንዝ በበጋ በሰከንድ 2 ሜትር ኩብ ቢፈስና በሊትር 0.05 ግራም ቢይዝ፣ በቀን 8.64 ቶን ብቻ ነው። አንዱ የጎርፍ ቀን የ3,000 የበጋ ቀናትን ያህላል፤ ከ8 ዓመት በላይ ማለት ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ ያውም መንገድ በሚመች ቀን፣ ተሄዶ የሚቀዳ ናሙና ዋናውን ነገር ሳያገኘው ይቀራል። ስለዚህ ጎርፉ ሲነሳ በየ30 ደቂቃው፣ ሲጎድል በየሁለት ሰዓቱ ይቀዳል። ሌሊትም ቢሆን፤ የክረምት ጎርፍ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በማታ ነው።

ወራቱም አንድ አይደሉም። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ማሳው ታርሶ ባዶውን ነው፤ ለጤፍ የለሰለሰ አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ይሄዳል። በመስከረም ቡቃያው መሬቱን ሸፍኖታልና ወንዙ ሙሉ ሆኖ ሳለ ውኃው ጠራ ይላል። በመስከረም ሰብስቦ የሐምሌውን መገመት አይቻልም።

በራሱ የሚቀዳ ባለ 24 ጠርሙስ ማሽን ጥሩ ነው። ቱቦውን ግን ገለባና ሥር ይደፍኑታል፤ የድፍርስነት መለኪያው ዓይንም በሳምንት ውስጥ ሙልጭልጭ ይለብሳል። መጥረጊያ ያለው ተመርጦ፣ በየሳምንቱም በእጅ ተጠርጎ ድፍርስነቱ በሚታወቅ ፈሳሽ መፈተሽ አለበት። በእኛ አስተያየት ከማሽኑ የሚበልጠው ድልድዩ አጠገብ የሚኖር፣ የሠለጠነና ወር በወር የሚከፈለው ሰው ነው።

የሐምሌ ናሙና በጠርሙስ ሲታይ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። 50 ሚሊ ሊትሩን በመስታወት ቃጫ ማጣሪያ ያሳልፉት፤ ከዚያ በላይ ከፈሰሰ ወረቀቱ ይደፈናል። የሚቀረው በጣት መካከል ቢታሽ አሸዋነቱ የማይታወቅ፣ ልስልስ ያለ ቀይ ቡናማ ጭቃ ነው። በ105 ዲግሪ ምድጃ ሲደርቅ ጠርዙ ይቆለመምና እንደ በጋ ዋልካ ይሰነጠቃል። ክብደቱ መለዋወጡን እስኪያቆም እየደረቀ ይመዘናል። ፎስፈረሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው በዚህ ጭቃ ላይ ተጣብቆ ነው፤ የደጋው ቀይ አፈር በብረትና በአሉሚኒየም የበለጸገ ስለሆነ አጥብቆ ይይዘዋል።

ለፎስፈረስ ከአንድ ቦታ ሁለት ጠርሙስ ይሞላል። አንደኛው ሳይጣራ፣ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) ከ2 በታች እስኪሆን ሰልፈሪክ አሲድ ጠብ ተደርጎበት፣ እስከ 28 ቀን ይቆያል። ሁለተኛው እዚያው ወንዙ ዳር በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ተጣርቶ፣ በረዶ ባለበት ሣጥን በ4 ዲግሪ ተይዞ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። «ማታ ላቦራቶሪ ስንደርስ እናጣራዋለን» ከተባለ የሟሟው ፎስፈረስ በመንገድ ላይ ጭቃው ላይ ይለጠፍና ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል። ጠርሙሶቹም ፎስፌት በሌለው ሳሙና ታጥበው፣ በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተዘፍዝፈው፣ በተጣራ ውኃ መለቅለቅ አለባቸው። በተራ ዱቄት ሳሙና የታጠበ ጠርሙስ ከወንዙ ይልቅ ሳሙናውን ሊለካ ይችላል። ምርመራው የሞሊብዲነም ሰማያዊ ዘዴ ነው፤ የቀለሙ ድምቀት በ880 ናኖ ሜትር ብርሃን ይነበባል።

የጭቃው ጥናት ከወንዙ ይልቅ ርካሽ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ውስጣቸው 7 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋና 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ቱቦዎች ከጀልባ ወርደው ጭቃ ውስጥ ይተከላሉ፤ 20 ሳንቲ ሜትር ጭቃ ከነላዩ ውኃ ይዘው ይወጣሉ። ከአራት ቦታ ስድስት ስድስት እንውሰድ፦ ከጉማራ አፍ፣ ከርብ አፍ፣ ከእምቦጭ ምንጣፍ ሥርና ከሐይቁ መሐል፤ በድምሩ 24። ቱቦዎቹ ቀጥ ብለው ካልተጓዙ፣ በኮረኮንች ከተናጡ፣ የጭቃው ገጽ ይፈርስና ሙከራው ከመጀመሩ ያበቃል። ከላቦራቶሪ ሲደርሱ በሐይቁ ሙቀት ልክ፣ በጨለማ ይቀመጣሉ። የየቦታው ሦስቱ ቱቦ አየር፣ ሦስቱ ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ይነፋባቸዋል። ከላይ ካለው ውኃ በየቀኑ 50 ሚሊ ሊትር ለምርመራ ይቀዳል፤ በምትኩ የተጣራ የሐይቅ ውኃ ይጨመራል፤ ለ10 ቀን።

ናይትሮጅኑ ለምን? ኦክስጅኑን ከውኃው ለማስወጣት ነው፤ ኦክስጅን ሲጠፋ ፎስፈረሱን አስሮ የያዘው ብረት ይለቀዋል። ወፍራም የእምቦጭ ምንጣፍ ሥር የሚሆነው ይህ ነው፦ ብርሃን አይገባም፣ ነፋስ አያነቃንቀውም፣ የበሰበሰው ቅጠል ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። እምቦጭ በዚህ መንገድ ከሥሩ ካለው ጭቃ ለራሱ ምግብ ሊያስወጣ ይችላል።

ስሌቱን ይዘን እንሂድ። ቱቦው 0.00385 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። ከላዩ ባለው 1 ሊትር ውኃ ውስጥ ፎስፈረስ በ10 ቀን 0.1 ሚሊ ግራም ቢጨምር፣ በካሬ ሜትር በቀን 2.6 ሚሊ ግራም ይሆናል። ይህን የሚያህል ጭቃ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሸፍን በየቀኑ 260 ኪሎ ፎስፈረስ ነው። ቁጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከወንዙ ቁጥር ጎን ሲቀመጥ ግን የጠየቅነው ይመለሳል።

አሥር ዓመት እንፈልጋለን፤ ሦስት አይበቃም። እ.ኤ.አ. 2015 ያለ ድርቅና እ.ኤ.አ. 2006 ፎገራንና ደንቢያን እንዳጥለቀለቀው ያለ ጎርፍ በአንድ አጭር ጥናት ውስጥ አይገናኙም። በድርቅ ዓመት የተጀመረና የተዘጋ ጥናት ወንዙን ነጻ ያወጣዋል፤ በጎርፍ ዓመት የተሠራው ደግሞ ሁሉን በወንዙ ላይ ያላክካል።

አንድ ነገር እንጨምር፤ የሐይቁን ውኃ በቀጥታ ለሚጠጡ የዳርቻ ነዋሪዎች ነው። በጣና ከሚታዩት አረንጓዴ ደቃቅ ሕዋሳት መካከል ማይክሮሲስቲስ የሚባለው አለ፤ ለጉበት መርዝ የሆነ ንጥረ ነገር ሊያመነጭ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1 ማይክሮ ግራም ነው። ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። ውኃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ መስሎ ሲታይ ከዚያ ቦታ አለመቅዳት ነው፤ ለከብትም ቢሆን።

«ምርምር የሚባለው ገንዘብ መሣሪያ ተገዝቶበት መሣሪያው ሣጥን ውስጥ ሲያረጅ አይተናል። እናንተ እንዴት ታከፋፍሉታላችሁ?» የሒሳብ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ከየ100 ብሩ 40ው ለሰው ይሁን፦ ለወንዝ ዳር አንባቢዎች፣ ለላቦራቶሪ ሠራተኞችና ለመረጃ ያዦች፤ በየዓመቱ በሚታደስ ሳይሆን በረጅም ውል። 20ው ለመኪና፣ ለጀልባ፣ ለነዳጅና ለጥገና። 15ቱ ለኬሚካልና ለቁጥጥር ናሙና፤ ከየአሥሩ ናሙና አንዱ ተደግሞ መመርመር፣ በየዙሩም ባዶ የተጣራ ውኃ እንደ ናሙና ማለፍ አለበት። 15ቱ ብቻ ለመሣሪያ። 10ሩ መረጃውን ለማስቀመጥና በየዓመቱ በይፋ ለማውጣት።

መሣሪያው ሣጥን ውስጥ የሚያረጀው ብዙ ጊዜ ተሰብሮ አይደለም። የ500 ብር ቱቦ ወይም መለኪያ ኬሚካል አልቆ፣ የሚያዝዘው በጀት በሌላ ርዕስ ስለተያዘ ነው። ስለዚህ በሁሉም ጣቢያ አንድ ዓይነት ሞዴል ይገዛ፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይሆናል። የሦስት ዓመት መለዋወጫም ከመሣሪያው ጋር በአንድ ግዢ ይምጣ።

«ይህን ሁሉ ከምትለኩ ለምን ተጨማሪ የእምቦጭ ማጨጃ ማሽን አይገዛበትም? አረሙ እኮ ዓይናችን ሥር ነው።» የግብርና ባለሙያ፣ ወረታ

ስሜትዎ ይገባናል። እምቦጭ በጣና በይፋ ከታወቀ ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ የዳርቻው ሕዝብ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ማጨድ ይቁም አንልም፤ ማጨድ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ ግን ይህን ይመልከቱ።

አንድ ቶን ርጥብ እምቦጭ 950 ኪሎ ያህሉ ውኃ ነው። ከቀረው 50 ኪሎ ደረቅ ነገር 0.3 በመቶው ፎስፈረስ ነው ብለን እንያዝ፤ 150 ግራም። እርስዎ በሚያውቁት ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ 19፣ 38፣ 7 ተብሎ ተጽፏል፤ 38ቱ በኦክሳይድ መልክ የተቆጠረ ፎስፈረስ ነው። በ0.436 ሲባዛ ከአንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ንጹሕ ፎስፈረሱ 16.6 ኪሎ ይሆናል። የዚህን አንድ ኩንታል ያህል ፎስፈረስ ከሐይቁ ለማውጣት 110 ቶን ርጥብ እምቦጭ ማንሳት ያስፈልጋል፤ 10 ቶን በሚጭን ገልባጭ መኪና 11 ምልልስ። ማዳበሪያው ሁሉ ሐይቅ ይገባል ማለታችን አይደለም፤ ብዙው አፈሩ ላይ ይቀራል። አፈሩ ሲታጠብ ግን አብሮት ይሄዳል።

ማሽኑ የማይደርስበት ቦታም አለ። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ሆዱ መሬት ይነካል፤ እምቦጩ የሚታደሰው ደግሞ በዋናነት እዚያ ነው። ዘሩ በጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ሳይሞት መቆየት ይችላል፤ በበጋ ውኃው ሲሸሽና ፀሐይ ጭቃውን ሲያገኘው ይበቅላል። በወረዳዎ ያሉ ገበሬዎች ባሕር ሸሽ ማሳቸውን ሲያዘጋጁ ቡቃያውን በአራትና በአምስት ቅጠሉ ቢነቅሉት ከአበባ በኋላ ከሚነቀለው ብዙ ያተርፋሉ፤ ወይን ጠጅ አበባው ከጠወለገ አገዳው ወደ ውኃው ይጎነበስና በሳምንታት ውስጥ ዘሩን ይጥላል።

የተነቀለው ከፍተኛው የክረምት ውኃ ከሚደርስበት መስመር በላይ ይከመር። ዳር ላይ የተተወ ክምር ሲበሰብስ ጭማቂው ተመልሶ ሐይቅ ይገባል፤ የመስከረም ውኃም የቀረውን አንሳፎ ይወስደዋል።

«ሌላ አገር ጢንዚዛ ተለቆ እምቦጩን በላው ይባላል። እኛ ዘንድ ምን ያግደዋል?» ገበሬ፣ ደንቢያ

ጢንዚዛው እውነት ነው። ኒኦኬቲና የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ ርዝመታቸው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተለቅቀው አረሙ እንዲቀንስ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ያደገው ጢንዚዛ ቅጠሉን እየፋቀ ትናንሽ ጠባሳ ይተዋል፤ ጉዳቱ ያለው ግን በትሉ ነው፣ የቅጠሉን አገዳ ቦርቡሮ ወደ ልቡ ይወርዳል።

በጣና ሦስት ነገር መፈተን አለበት፤ ከገንዘቡም ድርሻ ልንሰጠው ይገባል። አንደኛ፣ ቪክቶሪያ በ1,134 ሜትር፣ ጣና በ1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እንቁላሉ ጢንዚዛ እስኪሆን በሞቃት ቦታ ሦስት ወር ያህል የሚወስደው እዚህ ይዘገያል፤ እምቦጩ ግን ፎስፈረስ ካገኘ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ትሉ ወደ ጢንዚዛ የሚለወጠው ውኃ ውስጥ ባለው ሥር ላይ ጎጆ ሠርቶ ነው። እናንተ ዘንድ በበጋ ውኃው ሲሸሽ እምቦጩ መሬት ላይ ይቀራል፤ ሥሩ ሲደርቅ ጎጆውም ይደርቃል። ሦስተኛ፣ ጢንዚዛ ያለበትን እምቦጭ ማጨድ ጢንዚዛውንም ማጨድ ነው። ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ በየአካባቢው የማይነካ የእምቦጭ ክልል በገመድ ታጥሮ መተው አለበት።

ከዚያ በፊት ደግሞ በዝግ ቤት ውስጥ በሩዝ፣ በደንገልና በሌሎች የዳርቻ ተክሎች ላይ ተቀምጦ እንደማይበላቸው መረጋገጥ አለበት። ጢንዚዛውን ከሌላ ቦታ ይዞ መጥቶ በድብቅ መልቀቅ አይገባም፤ በሽታና ጥገኛ ነፍሳት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

«ነጭ ዓሣው እየቀነሰ ነው። ስለ ዓሣ የሚያጠና የለም ወይ?» ዓሣ አስጋሪ፣ ባሕር ዳር

አለ፤ ለረጅም ጊዜም ተጠንቷል። እርስዎ ነጭ ዓሣ የሚሉት በውስጡ ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ወንዝ ወጥተው በጠጠር ላይ ይራባሉ፤ ወንዝ አፍ ላይ መረብ የተጣለ እንደሆነ እናቶቹ ሳይወልዱ ይያዛሉ።

ከገንዘቡ የምንሰጠው ለጠጠሩ ነው። ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ሣጥኖች ውስጥ ጠጠርና 100 የዳበረ እንቁላል ተደርጎ በላይኛው ጉማራና ርብ ወለል ይቀበራል፤ ስንቱ እንደተፈለፈለ ይቆጠራል፣ ሣጥኑ ውስጥ የገባው ደለልም ይመዘናል። ጠጠሩን ደለል ከደፈነው እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። መረብ መከልከል ብቻውን ይበቃ እንደሆነ የሚለየው ይህ ቆጠራ ነው። እስከዚያው እርስዎም ማኅበርዎም ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ከወንዝ አፍ መረባችሁን ብታርቁ የምትጠብቁት የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ነው።

«እኔ ገንዘብ የለኝም፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጣና ላይ የሚጠቅም ነገር መለካት እችላለሁ?» ተማሪ፣ ባሕር ዳር

ትችላለህ፤ ካላቋረጥክ። የውኃውን መጥራትና መደፍረስ ለካ። መሣሪያው ጣሊያናዊው አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የጀመረው ሳህን ነው፤ ዛሬም ከሱ የሚቀልል የለም።

20 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ላሜራ አስቆርጥ። አራት ቦታ ከፍለህ ሁለቱን ትይዩ ሩብ ነጭ፣ ሁለቱን ጥቁር በማያብረቀርቅ ቀለም ቀባ። መሐሉን በስተህ ገመድ አስገባ፤ ከሥሩ አንድ ኪሎ ያህል ብረት እሰር፣ አለዚያ ማዕበል ያጋድመዋል። ናይለን ገመድ ሲርስ ይለጠጣልና የማይለጠጥ ምረጥ፤ ቢያንስ ውኃ ውስጥ አሳድረህ፣ ከነርጥቡ ወጥረህ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርግ። ምልክቱን በየወሩ በሜትር አረጋግጥ።

የምትለካው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ከትልቅ ሰው ጋር በጀልባ ሆነህ፣ በጥላው በኩል፣ ያለ ፀሐይ መነጽር ነው። ሳህኑ ሲጠፋ ያለውን ጥልቀት ያዝ፤ ትንሽ አውርደህ ቀስ ብለህ ስብና ሲታይ ያለውን ያዝ፤ የሁለቱ አማካይ መልስህ ነው። የነፋሱን ሁኔታ፣ የትናንቱን ዝናብና የውኃውን ቀለም ጻፍ። ዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ ስላለ ከዚያ ራቅ። ውኃው ውስጥም ቆመህ አትለካ፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ።

በሳምንት አንድ ቀን በቂ ነው፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ግን ሁለት ቀን ይሁን። ሳህኑ ሳይጠፋ ወለል ከነካ ቁጥሩን አትጣለው፤ «ወለሉ 1.4 ሜትር ላይ፣ ሳህኑ እየታየ» ብለህ ጻፍ። ያልሄድክበትን ቀንም ባዶ ተወው፣ በግምት አትሙላው።